ከአንዲት ዜማ የተሠራ ኮንሰርቶ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ በጣም ሰላም ብላሻለች።

ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። «አባዬ፣ የፒያኖ ኮንሰርቶ ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ግን መያዣ መጨበጫ የለውም። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነው» አልሽኝ። አሁን ደግሞ ጓደኞችሽ ለጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ለሹማን ኮንሰርቶ፣ ማለትም ፒያኖ ከኦርኬስትራ ጋር ለሚጫወትበት ባለ ሦስት ክፍል ሥራ፣ ቲኬት ቆርጠውልሻል። እሰየው! ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አይገኝም። ግጥም በሌለበት ጆሮ የሚከተለው ነገር ይፈልጋል፤ እዚህ ደግሞ የምትከተይው አንዲት አጭር ዜማ ብቻ ነው። እሷን ከያዝሽ ግማሽ ሰዓቱ ሳይታወቅሽ ያልቃል።

መጀመሪያ ግን ትንሽ ወደ ኋላ ልመልስሽ። በሞዛርት ዘመን ኮንሰርቶ ሲጀመር ፒያኒስቱ አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ተራ ይጠብቅ ነበር። ኦርኬስትራው ለብቻው ሁለትና ሦስት ደቂቃ ያህል ዜማዎቹን ያሰማል። ፒያኖው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ቤትሆቨን በ1808 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለሕዝብ ባሰማው አራተኛው ኮንሰርቶ ይህን ገለበጠው፤ ፒያኖው ብቻውን ይጀምራል። ሜንደልሰን ደግሞ በ1831 የመጀመሪያ ኮንሰርቶው ላይ የኦርኬስትራውን ረጅም መግቢያ ጭራሽ ትቶት ፒያኖውን ወዲያው አስገባው፤ ሦስቱንም ክፍሎች ያለ እረፍት አያያዛቸው። እስከዚህ ጥሩ ነበር። ችግሩ በዚያው ጊዜ የጣት ፍጥነት ማሳያ የሆኑ ኮንሰርቶዎች ገበያውን ማጥለቅለቃቸው ነው። ፒያኒስቱ ይሮጣል፣ ኦርኬስትራው ያጅባል፣ ሰው ያጨበጭባል። እኔ እንደሆንኩ ከእነዚህ ብዙዎቹን እስከ መጨረሻው መስማት አልችልም።

ሮበርት ሹማንም አልቻለም። እሱ በጀርመኗ ላይፕዚግ ከተማ የሙዚቃ መጽሔት ያዘጋጅ ነበር፤ ብዕሩም የዋዛ አልነበረም። በ1839 ኦርኬስትራውና ፒያኖው በአዲስ መንገድ የሚገናኙበትን ሥራ የሚያሳየን ሰው እየጠበቅን ነው ብሎ ጻፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ራሱ ሞከረው። በ1841 አንድ ክፍል ብቻ ያለው «ፋንታሲ» ለፒያኖና ለኦርኬስትራ ደረሰ። ሚስቱ ክላራ በዚያ ዘመን ስሟ ከገነነ ፒያኒስቶች አንዷ ነበረች። ነሐሴ ላይ በልምምድ አዳራሽ ሁለት ጊዜ ተጫወተችው። የመጀመሪያ ልጃቸው ማሪ ልትወለድ ሦስት ሳምንት እንኳ አልቀራትም ነበር! በማስታወሻዋም ፒያኖውና ኦርኬስትራው እርስ በርስ ስለተሸመኑ አንዱን ያለ ሌላው ማሰብ እንደማይቻል ጻፈች። አሳታሚዎች ግን አንፈልገውም አሉ። ሹማን በ1845 ሁለት ክፍል ጨምሮበት ሙሉ ኮንሰርቶ አደረገው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ድሬስደን ላይ ክላራ ለሕዝብ አቀረበችው።

እንግዲህ ወንበርሽ ላይ ተቀምጠሻል እንበል።

ኦርኬስትራው አንድ ጊዜ ይመታል። አንዴ ብቻ። ፒያኖው ወዲያው ከላይ ወደ ታች በከባድ ኮርዶች፣ በአንድ ጊዜ በሚመቱ ድምፆች፣ እየተንደረደረ ይወርዳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል፤ ዋናው ነገር ይህ ይመስለዋል። አይደለም። ዋናው የሚመጣው ሁሉም ጋብ ሲል ነው። ኦቦ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ ዜማዋን ቀስ አድርጎ ያመጣታል፦ ዶ፣ ሲ፣ ላ፣ ላ። በቃ፣ እሷ ናት! ቀጥሎ ፒያኖው ራሱ ይደግማታል። ልብ በይ፣ ዋናዋ ዜማ ለባለ ፒያኖው ቀድማ አልተሰጠችም። ኮንሰርቶውን ሁሉ የሚገዛው ይህ ይመስለኛል፤ እዚህ ፒያኒስቱ መስማትም አለበት። እነዚህ አራት ኖታዎች በጀርመንኛ አጠራር (C፣ H፣ A፣ A) ሹማን ክላራን ይጠራበት ከነበረው «ኪያራ» (Chiara) ከሚለው ስም ፊደላት የተወሰዱ ናቸው ይላሉ። እሱ ግን በጽሑፍ ያስቀመጠው ነገር አይደለም።

በተለመደው ደንብ የመጀመሪያው ክፍል ሁለት ዜማ ይፈልጋል፤ አንዱ ቆጣ ያለ፣ ሌላው ለስለስ ያለ። መሃል ላይ ሁለቱም ይበታተናሉ፣ ከቅኝት ቅኝት ይዞራሉ፤ በመጨረሻ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ሹማን ሁለተኛው ዜማ መምጣት ባለበት ቦታ ማንን ቢያመጣ ጥሩ ነው? ያቺኑ! ልብስ ቀይራ መጣች። አሁን ሚ፣ ሬ፣ ዶ፣ ዶ ሆናለች፤ ከማይነር ወደ ሜጀር ተሻግራለች። አንቺ ትዝታ ሜጀርንና ትዝታ ማይነርን በጆሮሽ ትለያለሽ፤ ሦስተኛዋ ድምፅ በግማሽ ዝቅ ስትል ፊቱ ሁሉ ይቀየር የለ? እዚህም ያው ነው። ሌላው የትንፋሽ መሣሪያ ክላሪኔቱ ይቀበላትና ፒያኖው ከሥር እየፈሰሰ ያጅበዋል። አጃቢውና ታጃቢው ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው።

ከዚያ እኔ በጣም የምወደው ቦታ ይመጣል። ግርግሩ ይበርድና ፒያኖውና ክላሪኔቱ ለብቻቸው የቀሩ ያህል ቀስ ብለው መጫወት ይጀምራሉ። ዜማዋ አሁንም ከዶ ትነሳለች፤ ከሥሯ ያለው ኮርድ ግን ተቀይሯል፣ ስለዚህ ያቺው ዶ ሌላ ድምፅ ትመስላለች። ሐሳብሽ ከሸፈተ እንኳ እዚህ ጋ ትመለሺያለሽ። ብዙም አይቆይ፣ ያ የመጀመሪያው የኮርድ መንደርደር ድንገት ይመጣና ያቋርጣቸዋል።

ወደ መጨረሻው ኦርኬስትራው ዝም ሲል ካዴንዛ ላይ ደርሰሻል። ፒያኖው ብቻውን ነው። ድሮ ይህን ቦታ ፒያኒስቱ እንዳሻው ከራሱ እየፈጠረ ይሞላው ነበር፤ በዚያው ሰርከስ ይሠራበታል። ሹማን ግን እያንዳንዷን ኖታ ራሱ ጻፋት። ካዴንዛው ሲያልቅ ኦርኬስትራው ይገባና ያቺ አንገቷን የደፋች ዜማ በፈጣን ሰልፍ ምት ትመጣለች። ያኔ ካላወቅሻት እቀጣሻለሁ!

ክፍሉ ሲያልቅ ማጨብጨብ ያሰኝሻል። ዘንድሮ ልማዱ አይፈቅድም፤ ቻይው። በሹማን ዘመን ያጨበጭቡ ነበር፤ እኔም ብንመልሰው አልጠላም።

ሁለተኛው ክፍል አምስት ደቂቃ ያህል ነው። ፒያኖው አራት ኖታ ወደ ላይ ይወጣል፣ ባለ አውታሮቹ ይመልሱለታል፤ ምልልስ ነው። መሃል ላይ ከባለ አውታሮቹ ወፈር ያለ ድምፅ ያላቸው ቼሎዎቹ ረጅም ዜማ ይዘው ይመጣሉ፤ ፒያኖው በየመሃሉ ጣልቃ ይገባል። ስለዚህኛው ብዙ አልጽፍም። መጨረሻውን ብቻ ጠብቂ። ሁሉም ሊያልቅ ሲል ክላሪኔቶቹና ባሱን የሚባሉት ወፍራም ድምፅ ያላቸው የትንፋሽ መሣሪያዎች የዜማዋን ሦስት ኖታ ይጠሩልሻል። መጀመሪያ በሜጀር፣ ቀጥሎ በማይነር። ልዩነቱ አንዲት ግማሽ ድምፅ ናት። ከዚያ ሳታስቢው ሦስተኛው ክፍል ይጀምራል፤ እረፍት የለም።

ሦስተኛው ክፍል ሦስት ሦስት ምት ነው። እስቲ አሁን ጠረጴዛው ላይ በጣትሽ ስድስት ጊዜ ምቺ፤ አንደኛውንና አራተኛውን ጠንከር አድርጊ። ከዚያ ያንኑ ስድስት መልሰሽ ምቺ፤ አሁን አንደኛውን፣ ሦስተኛውንና አምስተኛውን አጠንክሪ። ፍጥነቱ አልተለወጠም፣ ምቱ ግን የተቀየረ ይመስላል፣ አይደል? ሹማን የዚህን ክፍል ሁለተኛ ዜማ የሠራው በዚህ ዘዴ ነው። ወረቀቱ ላይ ሦስት ምት ተጽፏል፣ ጆሮ የሚሰማው ግን ሁለት ሁለት ነው። ኦርኬስትራና ፒያኖ በቀላሉ የሚተላለፉበት ቦታ ስለሆነ የመሪውን እጅ እዪው፤ ቀልድ አይደለም።

ይህን ኮንሰርቶ ላይፕዚግ ውስጥ ክላራ ስትጫወተው ከሰሙት መካከል ኤድቫርድ ግሪግ የሚባል የኖርዌይ ተማሪ ነበር። እሱም በ1868፣ በወጣትነቱ፣ የራሱን ኮንሰርቶ ሹማን በጻፈበት በላ ማይነር ቅኝት ጻፈ። አጀማመሩን ስትሰሚ ዝምድናው ወዲያው ይገባሻል፤ የከበሮ ድምፅ፣ ከዚያ ፒያኖው ከላይ ወደ ታች። ሰው አብዝቶ የሚያውቀው የግሪግን ነው። እኔ የሹማንን እመርጣለሁ፤ የግሪግ ዜማዎች ቆንጆዎች ናቸው፣ ግን አንዱ ከሌላው አይወለድም።

ከመሄድሽ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ብቻ ዩቲዩብ ላይ አዳምጪ፤ ኦቦውን ከያዝሽ በቂ ነው፤ ሌላውን ለአዳራሹ ተይው። ቲኬታችሁ የወንበር ቁጥር ከሌለው ደግሞ ቀደም ብላችሁ ግቡና ወደ መድረኩ ስታዩ በግራ በኩል ተቀመጡ። የፒያኒስቱ እጆች የሚታዩት ከዚያ ነው። በማግስቱ ደውዪልኝ።

አባትሽ