ለልጄ፣ ስለ ነጠላ ዜማሽ

ውድ ልጄ፣

የላክሽልኝን ዘፈን ደጋግሜ ሰማሁት። አሳታሚው «ሦስተኛውን አንጓ ካለሰለስሽው እናወጣልሻለን» እንዳለሽና ምን እንደምታደርጊ እንደጨነቀሽ ጽፈሻል። እኔ ባታለሰልሺው እወዳለሁ፤ በራስሽ አውጪው።

ሥራ ያጣ፣ ቤት መከራየት ያቃተው፣ ቢናገር የሚሰማው የሌለ ወጣት ብሶቱን የሚያወጣበት መድረክ ብዙ አይደለም። በግል የሚሠራን ሙዚቃ የማከብረው ለዚህ ነው። በተቆጣው ሰውና በአድማጩ መካከል ገብቶ «ይህ አይሸጥም፣ ይህ ያጣላናል» የሚል የለም።

እ.ኤ.አ. በ1977 መጀመሪያ ላይ በዝኮክስ የሚባል ባንድ የነበራቸው የእንግሊዝ ማንችስተር ልጆች ገንዘብ ተበድረው አራት ዘፈን ያለበት ሸክላ ራሳቸው አሳተሙ። እኔን የሚገርመኝ ሽፋኑ ነው፤ እያንዳንዱ ዘፈን በስንተኛው ሙከራ እንደተቀዳ ጽፈውበታል። አሠራሩን ስላልደበቁት፣ ገዝቶ ያነበበ ወጣት «እኔስ ምን ያግደኛል?» ሊል ይችላል። ብዙዎችም ብለው የራሳቸውን አሳተሙ።

ቱኒዝያዊው ራፐር ኤል ጄኔራልም እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ዘፈኑን በኢንተርኔት ሲለቅ አሳታሚ አልጠበቀም። በዘፈኑ ፕሬዚዳንቱን ቤን አሊን ፊት ለፊት አናገረው፤ ሕዝብህ ከቆሻሻ እየለቀመ ይበላል አለው። በጃንዋሪ 2011 ፖሊስ ወሰደው፤ ከቀናት በኋላ ተፈታ፤ ቤን አሊም በዚያው ወር አገሩን ጥሎ ሸሸ። መንግሥቱን የጣለው ዘፈን ነው አልልሽም፤ አደባባይ የወጣውና የሞተው ሕዝብ ነው። ግን ያ ልጅ ሁሉም በሹክሹክታ የሚያወራውን ጮክ ብሎ ተናገረ። የደረሰበትን ሳስብ ላንቺም እፈራለሁ፤ ፍርሃቴን ግን ምክር አድርጌ አልሰጥሽም።

ሁለተኛው አንጓሽ አልያዘኝም። «እነሱ»፣ «ሥርዓቱ» እያልሽ ትጮኺያለሽ፤ እነማን እንደሆኑ፣ ምን እንዳደረጉ አይታወቅም። ሦስተኛው ላይ ግን ወንድምሽ አለ፤ ዲግሪውን ይዞ በሄደበት ሁሉ «የሥራ ልምድ አምጣ» እየተባለ የሚመለሰው፣ ማታ ማታ እንዳንጠይቀው ቀድሞ የሚተኛው። እሱን ስሰማ ደረቴ ተጨነቀ። አሳታሚው የፈራውም ይህንኑ ነው። ሁለተኛውን እንደዚህ አድርገሽ እንደገና ጻፊው።

ለስቱዲዮና ለማስተሪንግ፣ ማለትም ለመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ፣ የሚያስፈልገውን ገንዘብ እኔ እሸፍናለሁ። ከመልቀቅሽ በፊት ግን ወንድምሽን አሰሚው። ታሪኩ የእሱ ነውና እሺ ካላለ አንጓው ይቅር።

አባትሽ