በሂርማታ ግድግዳ ላይ ማን ይሳል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ ለትምህርት ከሄደበት ከፈረንሳይዋ ናንት ከተማ፣ በአንድ መንገድ ዳር ያለ ግድግዳ ፎቶግራፍ አንሥቶ በስልኬ ላከልኝ። ግድግዳውን የሸፈነው ሥዕል መርከብ ለመሳፈር በወደብ ላይ የተሰበሰቡ ወንዶችን፣ ሴቶችንና ሕፃናትን ያሳያል፤ መንገዱም በእነዚሁ ሰዎች ስም «የአካዳውያን መንገድ» ይባላል። ልጁ ከፎቶግራፉ ሥር የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «ቲቸር፣ ይህን ሳይ ሂርማታ ትዝ አለኝ» ይላል። ሂርማታ የከተማችን የጅማ ገበያ ነው። መጀመሪያ ግንኙነቱ አልታየኝም ነበር፤ ቆይቶ ሲገለጥልኝ ግን ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ።

አካዳውያን በ17ኛው መቶ ዘመን ከፈረንሳይ ተነሥተው፣ ዛሬ ኖቫ ስኮሺያ በሚባለው የካናዳ ጠረፍና በአካባቢው የሰፈሩ ገበሬዎች ነበሩ። የባሕር ሞገድ የሚያጥለቀልቀውን ረግረግ በአፈር ግድብ ከልለው፣ ጨውን በዝናብ ውኃ አሳጥበው፣ ለም እርሻ አድርገውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1713 አገሩ በዩትሬክት ስምምነት ለእንግሊዝ ሲተላለፍ እነርሱ ከእርሻቸው አልተነቀሉም፤ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ጦርነት ለማንም ወግነው መሣሪያ እንዳያነሡ እየለመኑ ከአርባ ዓመት በላይ ኖሩ። ገዢው ቻርልስ ሎውረንስና የሃሊፋክስ ምክር ቤቱ ግን ቅድመ ሁኔታ የሌለበት የታማኝነት መሐላ ጠየቋቸው፤ እንዲህ ያለውን መሐላ አንምልም ሲሉም ጁላይ 28 ቀን 1755 ከአገር እንዲጋዙ ተወሰነ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 5 ቀን፣ ግራን ፕሬ በተባለው መንደር 418 ወንዶችና ወጣቶች በገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ተሰብስበው፣ መሬታቸውና ከብታቸው ለዘውዱ እንደ ተወረሰ፣ እነርሱም በመርከብ ተጭነው እንደሚወጡ ኮሎኔል ጆን ዊንስሎው አነበበላቸው። ተመልሰው የሚጠጉበት እንዳያገኙ ቤቶቻቸው ተቃጠሉ። እስከ 1763 ድረስ በዚህ ዓይነት የተጋዙት ከ10,000 በላይ ሲሆኑ፣ በበሽታና በባሕር አደጋ ያለቁት እጅግ ብዙ ናቸው፤ በዲሴምበር 1758 ዱክ ዊልያም የተባለችው መርከብ ስትሰጥም ብቻ ከ360 የሚበልጡ ሰዎች ጠፍተዋል። የተረፉት ከቅኝ ግዛት ወደ ቅኝ ግዛት፣ ከእንግሊዝ ወደ ፈረንሳይ ሲንከራተቱ ቆዩ። በመጨረሻም በ1785፣ ወደ 1,600 የሚሆኑት በስፔን መንግሥት ወጪ በሰባት መርከቦች ወደ ሉዊዚያና ተሻገሩ። የናንቱ ግድግዳ የሚያሳየው ይህን መሳፈር ነው።

ሥዕሉን እ.ኤ.አ. በ1993 የሠራው ሮበርት ዳፎርድ የተባለ የሉዊዚያና ሠዓሊ ነው። ይኸው ሰው የዚያን ሥዕል ጓደኛ በሉዊዚያና ሴንት ማርቲንቪል ከተማ በሚገኘው የአካዳውያን መታሰቢያ ቤት ውስጥ ሥሎታል፤ በዚህኛው ላይ ሰዎቹ ከመርከብ ወርደው አዲሱን አገር ሲረግጡ ይታያሉ። መሳፈሩ በአንድ አህጉር፣ መድረሱ በሌላ አህጉር መሣሉ ራሱ የሚደነቅ አሳብ ነው። እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን አሠራሩ ነው። በሴንት ማርቲንቪሉ ሥዕል ላይ ያሉት ፊቶች እንዲሁ ከሠዓሊው አእምሮ የፈለቁ አይደሉም፤ በመዝገብ የሚታወቁ ስደተኞች ተመርጠው፣ ዛሬ በሕይወት ያሉ የልጅ ልጆቻቸው በሠዓሊው ፊት እየቆሙ ተሥለዋል። ከሥዕሉ ጋር ደግሞ ወደ 3,000 የሚጠጉ ስሞች በነሐስ ተቀርጸው ቆመዋል።

ናንት ግን ሌላ ፊትም አላት። በ18ኛው መቶ ዘመን ከፈረንሳይ ወደቦች ሁሉ በባሪያ ንግድ ቀዳሚዋ እርሷ ነበረች፤ ነጋዴዎቿ በዚያ ገንዘብ የሠሯቸው ያማሩ ቤቶች ዛሬም በወንዙ ዳር ይታያሉ። ከተማዋ ይህን ለረጅም ጊዜ ስትሸሸው ከኖረች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በዚያው በሎዋር ወንዝ ዳር የባርነት መወገድ መታሰቢያ ከፈተች። በመሬቱ ላይ 2,000 የመስታወት ሰሌዳዎች ተተክለዋል፤ አብዛኞቹ በባሪያ ንግድ የተሠማሩ የናንት መርከቦችን ስምና የተነሡበትን ዘመን የያዙ ናቸው። የተበደለውን እንግዳ በግድግዳ ላይ መሣል ቀላል ነው፤ የራስን መርከብ ስም በመሬት ላይ ጽፎ ሕዝብ እንዲረማመድበት ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ተማሪዬ ሂርማታን ያስታወሰው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጅማ ከተማ የበቀለችው በሂርማታ ገበያ ዙሪያ ነው። ጅሬን ላይ ያለው ቤተ መንግሥት የአስተዳደሩ፣ ሂርማታ ደግሞ የሀብቱ መቀመጫ ነበር። ንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ሲገዙ፣ ለዐፄ ምኒልክ በጊዜ ገብረው አገራቸውን ጎረቤቶቿን ካወደመው ጦርነት ያተረፉ አስተዋይ መሪ መሆናቸውን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ አስተምር ነበር፤ ዛሬም አልክድም። ነገር ግን በሂርማታ ከቡናው፣ ከዝባዱና ከዝሆን ጥርሱ ጎን ሰው ይሸጥ ነበር። ከከፋ፣ ከዳውሮ፣ ከየምና ከሌሎችም የደቡብ ምዕራብ አገሮች በጦርነት፣ በወረራና በዕዳ የተያዙ ወንዶች፣ ሴቶችና ልጆች እዚህ እየተቀባበሉ ግቤንና ዓባይን ተሻግረው ወደ ጎጃሙ ባሶ ገበያ፣ ከዚያም ወደ መተማና ወደ ምጽዋ፣ በሌላ በኩልም በሸዋ አድርገው ወደ ታጁራ ይነዱ ነበር። ሻጩም ሆነ ገዢው የአንድ ወገን ሰው አልነበረም፤ አፍቃላ የሚባሉት የአካባቢው ነጋዴዎች፣ ከሰሜን የሚወርዱት ጀበርቲ የሚባሉ ሙስሊም ነጋዴዎች፣ ቀረጥ የሚሰበስቡት ሹማምንት፣ ቤታቸውን በተገዛ ሰው ጉልበት የሚያቆሙት የመሐል አገር መኳንንት ሁሉ ድርሻ ነበራቸው። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ንግዱን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ ባርነት በሕግ ፊት ጨርሶ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ይህ የአያቶቻችን ዘመን ነው።

በከተማችን አደባባዮችና አጥሮች ላይ አሁን የሚሣሉትን ሥዕሎች ስመለከት ጀበና፣ ስኒ፣ የቡና ቅርንጫፍ፣ ፈረስና የቤተ መንግሥቱን ሰገነት አያለሁ። አንዳቸውንም አልነቅፍም፤ ጀበናው ግን በዛ። ለዚህች ከተማ የምጠይቀው አንድ ግድግዳ ነው፤ በሂርማታ በኩል፣ ገበያተኛ በሚተላለፍበት ሥፍራ፣ ከዚህ ገበያ የተነዱትን ሰዎች የሚያሳይ የአደባባይ ሥዕል ከተማው ወጪውን ችሎ፣ በግልጽ ውድድር ያሠራ።

የአካዳውያንን አሠራር እንዳለ ወደዚህ እናምጣ ብል ግን ትልቅ ስሕተት በሠራሁ ነበር። በሉዊዚያና የተጋዡ የልጅ ልጅ መሆን ዛሬ ክብር ነው፤ ሰዎች ሠዓሊው ፊት ለመቆም ይሽቀዳደማሉ። በእኛ ዘንድ የተሸጠ ሰው ዘር ነው መባል እስካሁን ድረስ ያዋርዳል፤ በጋብቻ ጊዜ በሽማግሌዎች ሹክሹክታ የሚጠየቅ፣ በእድር ውስጥ የሚታወቅ፣ በጠብ ጊዜም እንደ ድንጋይ የሚወረወር ቃል ነው። ስለዚህ የእከሌ ቤተሰብ ብሎ በሕይወት ያለን ሰው በግድግዳ ላይ መሣል፣ አያቱን የሸጠው ገበያ ልጁን ዳግመኛ ለሕዝብ ዓይን እንዲያወጣው ማድረግ ይሆናል። ራሱ ፈቅዶ፣ ቤተሰቡን አማክሮ የሚመጣ ሰው ካለ በደስታ፤ ካልመጣ ግን ማንም ደጁን እንዳያንኳኳ። (አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ታዲያ ፊት የሌላቸው ጥላዎች ይሣሉ» አለኝ። አልተስማማሁም፤ ፊትና ስም መንጠቅ የነጋዴው ሥራ ነበርና።)

ፊትና ስም አለን። አስቴር ጋኖ ዛሬ በጅማ ዞን ውስጥ በሚገኘው በሊሙ ኢናርያ ንጉሥ እጅ በባርነት ሥር የወደቀች ልጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ ዓረብ አገር ስትጫን ጀልባዋ በጣሊያን የባሕር ኃይል ተይዛ ነፃ ወጣች፤ ምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች፤ ከአእምሮዋ አውጥታ 500 የሚያህሉ የኦሮሞ ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖችን ጻፈች። ኦነሲሞስ ነሲብ ከኢሉባቦር በሕፃንነቱ ተወስዶ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ቆይቶ በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ፤ ኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው እርሱ ነው። ሁለቱ አብረው ያዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ በ1894 ታትሟል። በሴፕቴምበር 1888 ደግሞ ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ደቡባዊ ጫፍ ሦስት ጀልባዎችን ይዛ ከ200 በላይ የኦሮሞ ተወላጆችን አስለቀቀች፤ አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ከእነርሱ 64ቱ በ1890 ደቡብ አፍሪካ ወደሚገኘው የላቭዴል ትምህርት ቤት ተላኩ። በዚያም እያንዳንዱ ልጅ ከየት እንደ ተወሰደ፣ በማን እጅ እንዳለፈ፣ በየት በኩል እንደ ተነዳ እየተጠየቀ ቃሉ ተጽፏል፤ ፎቶግራፋቸውም አለ። ከልጆቹ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባላለች፤ ከኔልሰን ማንዴላ ጋር በሮበን ደሴት የታሰሩት ምሁር ኔቪል አሌክሳንደር የእርሷ የልጅ ልጅ ናቸው። ለአንድ ሠዓሊ ከዚህ የበለጠ ምን ይሰጠዋል?

እነዚህ ሁሉ በሂርማታ ገበያ ተሸጡ እንዳላልኩ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። በግድግዳው ላይ የሚጻፈው ጽሑፍም ይህንኑ ጥንቃቄ ይጠብቅ፤ የታወቀው እንደ ታወቀ ይጻፍ፣ ያልታወቀው በግምት አይሞላ። ጽሑፉ በኦሮምኛና በአማርኛ ብቻ ባይወሰን፣ ከዚህ ገበያ ልጆቻቸውን ያጡ ሕዝቦች በከፍኛ፣ በየምኛና በዳውሮኛም ቢያነቡት ደግ ነው። አጭር ይሁን እንጂ «በጨለማው ዘመን» እያለ አድራጊውን የሚደብቅ አይሁን፤ ማን ሸጠ፣ ማን ገዛ፣ ማን ቀረጠ፣ በየት ነዳ የሚለው ይነገር።

የአሠራሩን ነገር በተመለከተ አንድ መራራ ትዝታ አለኝ። ከዓመታት በፊት ስሙን በማልጠቅሰው ተቋም የአጥር ሥዕል ሲሠራ የኮሚቴ አባል ነበርኩ። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበና ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው አሸነፈ፤ ረቂቅ ማንም አልጠየቀም። ብሎኬቱ ተለስኖ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው የዘይት ቀለም ተቀባ፤ የዓመት በዓሉ ቀን ደርሶ ነበርና። ክረምቱ ሳይወጣ ከመሬት የወጣው እርጥበት ቀለሙን አሳብጦ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አወረደው፤ የአርበኛው ፊት ከአገጩ በታች ጠፋ። ለጥገና የተያዘ ገንዘብ ስላልነበረ በቀጣዩ ዓመት በኖራ ተለቀለቀ። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚዘንብባት ከተማ ይህ የሚያስገርም አልነበረም። ልስኑ ቢያንስ አንድ ወር ይድረቅ፤ ከግርጌው እርጥበት የሚያግድ ሥራ፣ ከበላዩም ዝናብ የሚመልስ ክፈፍ ይኑረው፤ በዘይት ቀለም ፋንታ ግድግዳው እንዲተነፍስ የሚፈቅድ የሲሊኬት ቀለም ወይም ጥሩ አክሪሊክ ይቀባ። የሴንት ማርቲንቪሉ ሥዕል ከጣሪያ በታች መሆኑንም አንርሳ። ሠዓሊው በዋጋ ብቻ ሳይሆን በረቂቁ ይመረጥ፤ ረቂቆቹም ከመመረጣቸው በፊት ሕዝብ እንዲያያቸው በገበያው ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ይሰቀሉ። የጥገናው ገንዘብ ከውሉ ጋር አብሮ ይያዝ።

«አሁን በዚህ ጊዜ ቁስል መቀስቀስ ምን ይጠቅማል?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይህን ጥያቄ በክፋት አላየውም፤ በቂ ቁስል ያለን ሕዝብ ነን። ሆኖም ካናዳ እንዴት እንዳደረገች ማየት ይጠቅማል። በዲሴምበር 2003 በንግሥቲቱ ስም በወጣው አዋጅ፣ በአካዳውያን ላይ የደረሰው መጋዝና መከራ በይፋ ታመነ፤ ከ2005 ጀምሮም ጁላይ 28 በየዓመቱ የመታሰቢያ ቀን ሆነ። አዋጁ ግን ይህን ማመን የሕግ ወይም የገንዘብ ኃላፊነት እንደማያስከትል በግልጽ ይናገራል። አንዳንዶች ይህን እንደ ብልጠት ያዩታል፤ እኔም ጥቂት ይጎረብጠኛል። ቢሆንም «ካመንን እንጠየቃለን» ብሎ የሚፈራ ባለሥልጣን ካለ፣ ማመንና መካስ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች እንደ ሆኑ፣ የመጀመሪያውም ሁለተኛውን ሳይጠብቅ ሊጀመር እንደሚችል ከዚህ ያያል። የአባ ጅፋርን ስም ያጎድፋል ለሚሉት ደግሞ፣ የናንት ነጋዴዎች ቤቶች መታሰቢያው ከተከፈተ በኋላም እንደ ቆሙና እንደሚጎበኙ እነግራቸዋለሁ።

የሚመለከተው የከተማው ክፍል ለዚህ አሳብ ጆሮ ቢሰጥ፣ በጡረታ ዘመኔ ከሰበሰብኳቸው ማስታወሻዎች መካከል ስለ ሲራራ ንግድ መንገዶች ያሉኝን ቅጂዎች ያለ ክፍያ ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ። ግድግዳውን ለመምረጥ የሚወጣ ሰው ካለ ግን በሐምሌ እንዲወጣ አደራ እላለሁ፤ የትኛው ግድግዳ ውኃ እንደሚጠጣ በበጋ አይታይም።

ከአክብሮት ጋር፣
በጡረታ ላይ ያሉ የታሪክ መምህር
ጅማ