ያለ ጽሑፍ የሰው ቤት ቁልፍ አትቀበል

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለዳዊት፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እኔን ግን ባለፈው እሑድ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥከውን የቁልፍ ዘለላ ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ሰባት ቁልፍ በአንድ ክር ታስሮ፣ በተለጠፈበት ፕላስተር ላይ «ቦሌ»፣ «ሲኤምሲ»፣ «አያት» ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ውሉ የት አለ ብዬ ስጠይቅህ፣ «አሜሪካ ያሉት ባለቤቶች እኮ ያምኑኛል» አልከኝ፤ ኪራዩም በራስህ የባንክ ሒሳብ እንደሚገባ ነገርከኝ። ልጄ፣ ያለ ጽሑፍ የሰው ቤት ቁልፍ አትቀበል።

የሳሪሱን ቤት ነገር ታውቃለህ፤ ሙሉውን ግን ለእናትህም አልነገርኋት። የአጎቴ ልጅ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ቁልፉን አስጨብጦኝ፣ «አንተ እያለህ ምን ወረቀት ያስፈልጋል» አለኝ፤ እኔም ወረቀት መጠየቅ እሱን መጠርጠር መስሎ ታየኝ። ዘጠኝ ዓመት ኪራይ ሰበሰብኩ። እሱ ካረፈ በኋላም፣ ወኪልነት በወካዩ ሞት እንደሚቀር ሳላውቅ፣ ስምንት ወር ሰብስቤ የጣራውን ቆርቆሮ አስለወጥኩበት፤ ደረሰኝ አልያዝኩም። ልጆቹ ሒሳብ ሲጠይቁኝ ያቀረብኩላቸው አንድ ሰማያዊ ደብተር ብቻ ነበር። ትልቋ ገጹን አንድ በአንድ ገለጠችና ምንም ሳትናገር ዘግታ መለሰችልኝ። ፍርድ ቤት ያስከፈለኝ ገንዘብ አይቆጨኝም፤ በልቅሶው ዕለት አንገቴ ላይ ተጠምጥመው ያለቀሱት ልጆች ዛሬ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ፊታቸውን ማዞራቸው ግን እስከ አሁን ይቆጠቁጠኛል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ባለቤት ውክልና ተቀበል። እነሱ እዚያው ኤምባሲ ፈርመው ይላኩልህ፤ አንተ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጠህ ሰነዶች ማረጋገጫ አስመዝግበው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ጠቅላላ ውክልና የሚያሠራህ የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው፤ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ታከራያለህ፣ ኪራይ ትሰበስባለህ፣ ቤቱን ታሳድሳለህ፤ ለመሸጥና ለማስያዝ ግን ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ወኪል ለራሱ ጥቅም ያዋለውን ገንዘብ ከነወለዱ እንደሚመልስም አትርሳ። ነገ ጠዋት ባንክ ሂድና የኪራዩን ሒሳብ ከደመወዝህ ለይ።

ተከራዮቹንም በቃል አታስገባ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ጊዜው ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ስድስት ወር ቅድሚያ ተቀበልን ካልከኝ ላይ ከሁለት ወር በላይ ያለውን ዛሬውኑ ለተከራዩ መልስለት። ኪራይ ለመጨመርም በባለቤቱ ቃል ብቻ አትነሣ፤ የጭማሪውን መጠን የሚወስነው ተቆጣጣሪው አካል ነው። የኪራይ ገቢ ግብሩም በባለቤቱ መለያ ቁጥር ይከፈል።

ከጓደኛህ ጋር ልትጀምረው ያሰብከው የቤት አስተዳደር ሥራም የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ይፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ መነገድ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን እስራትም ያስቀጣል። የኅብረት ሽርክና ማኅበር ከሆነ እሱ ላጠፋው አንተ በግል ንብረትህ ትጠየቃለህ፤ እናትህ ስትቆጥብ ኖራ የሰጠችህ የኮንዶሚኒየም ቤት ለዕዳው ይሄዳል ማለት ነው። የ2013ቱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል፤ እኔ የምመርጥልህ እሱን ነው፤ ጓደኛህን ልጅነቱን ስለማውቅ ክፉ አልልህም፣ ግን እኔም የአጎቴን ልጅ ልጅነቱን አውቀው ነበር።

ታማኝ መሆንህን አልጠራጠርም፤ ከእኔ ቤት ነው የወጣኸው። እኔም ታማኝ ነበርኩ። ያለ ጽሑፍ የሰው ቤት ቁልፍ አትቀበል የምልህ ለዚህ ነው።

ሰማያዊውን ደብተር ቅዳሜ ስትመጣ አሳይሃለሁ። ሰባቱንም ቁልፍ ይዘህ ና፤ ውክልናው እስኪደርስ እናትህ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ቆልፋ ታስቀምጥልሃለች።

አባትህ