ምጥ ሳይመጣ ጠይቁን

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የምጽፍልዎት ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት አልትራሳውንድ ስነሣ የልጄ የራስ ቅልና አንጎል በቅጡ እንዳልተሠራ ታወቀ። አኔንሴፋሊ ይሉታል። እንዲህ ያለ ልጅ ወይ ሕይወቱ አልፎ ይወለዳል፣ ወይ አብዛኛውን ጊዜ ለሰዓታት ወይም ለጥቂት ቀናት ብቻ ይቆያል። ሕጉ እርግዝናውን ማቋረጥ ይፈቅዳል። እኔና ባለቤቴ ግን እስክትወለድ ልንጠብቃት ወሰንን። እንዴት እንደምወልዳት ግን ማንም አላነሣልንም።

ምጡ በሌሊት መጣ። ክትትሌ ጤና ጣቢያ ነበር፣ የወለድኩት መሀል ከተማ ሆስፒታል ነው። ተረኞቹ አያውቁኝም። ሪፈር ወረቀቴ ላይ ያለው የሕመሙ ስም ብቻ ነው። የልብ ምቷ ወረደ ተባለ፣ በጥድፊያ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገብተው ሙሉ በሙሉ አስተኙኝ። ስነቃ ልጄ አልፋለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ተንፍሳ ነበር አሉኝ። ማን እንዳቀፋት እስካሁን አላውቅም።

ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። ልጅ ለማዳን ነው የሮጡት። ግን ኦፕራሲዮን ይህን ሕመም አይለውጠውም። በምጥ ብወልዳት ምናልባት በሕይወት አላገኛትም ነበር። ከወገብ በታች ብቻ በሚያደነዝዘው መርፌ ቢሆን ደግሞ ነቅቼ አያት ነበር። በሕይወት ላግኛት ብላ ኦፕራሲዮኑን አውቃ የምትመርጥ እናት ትኖራለች፣ መብቷ ነው። እንግዴ ልጁ የማሕፀን በር ሲዘጋ ደግሞ ለእናትየው ሲባል የግድ ይሆናል። እኔ ግን ሳልጠየቅ ማሕፀኔ ላይ ጠባሳ ያዝኩ። አሁን እንደገና ነፍሰ ጡር ነኝ። ጠባሳው በምጥ ሊተረተር ስለሚችል ኦፕራሲዮን ክፍል ካለበት ውጪ እንዳትወልጂ ተብያለሁ። ከዚህ ሰፈር በሌሊት መኪና መፈለግ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የንስሐ አባቴ ኋላ ሲሰሙ አለቀሱ። «ለሕይወቷ የምታሰጋ ሕፃን ከሆነች ክርስትና ለማንሣት 80 ቀን አይጠበቅም፤ ቀድማችሁ ብትነግሩኝ በሩ ላይ አድር ነበር» አሉኝ። እኛ ይህንንም አላሰብነውም።

ሐኪሞቻችንንና አዋላጆቻችንን የምለምነው ይህን ነው። ቀኑ ሳይደርስ ባልና ሚስቱን አስቀምጣችሁ ጠይቁ። በምጥ ጊዜ የልብ ምቱን እንከታተል? ቢወርድስ ኦፕራሲዮን ትፈልጊያለሽ? ልጁን ማን ይቀፈው? ቄስ ይጠራ? መልሱን ሪፈር ወረቀቱ ላይ ጻፉት። ወረቀቱን እኛ ይዘነው እንመጣለን፤ በሌሊት የሚቀበለን ሰው ያነበዋል።

አንዲት እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ