ፕሮፔለሩን የያዘው ሰው ሞተር እያስነሳ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ኢትዮጵያ አየር መንገድ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ታሪክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበነዋል። ሙሉ ገጽ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አብራሪ። እኛ የጥገና ሰዎች የደረሰችን «የቴክኒክ ሥልጠናም ይሰጥ ነበር» የምትል አንዲት መስመር ናት። እግዜር ይስጥልን።

ብዕር ያስነሳን ግን የፎቶው መግለጫ ነው። በሲ-47 ማጓጓዣ አውሮፕላን ፊት ቆሞ የፕሮፔለሩን ብሌድ (ቅጠል) የሚገፋውን ባለ ቱታ «አብራሪው ሞተሩን በእጁ ሲያስነሳ» ብላችሁታል። አብራሪ መባሉን እንለፈው። 1,200 የፈረስ ጉልበት ያለውን ሞተር በክንዱ የሚያስነሳ ጀግና ከነበረማ ስሙን መደበቃችሁ ያስወቅሳችኋል!

ያ ሞተር የሚነሳው በማስነሻ መሣሪያው፣ በስታርተር ነው። ፕራት ኤንድ ዊትኒ አር-1830 ይባላል፤ 14 ሲሊንደሮቹ ሰባት ሰባት ሆነው በሁለት ረድፍ ዙሪያውን ተደርድረዋል። የታችኞቹ አናታቸው ወደ መሬት የተደፋ ስለሆነ አውሮፕላኑ ቆሞ ሲያድር ዘይት በፒስተን ቀለበቶቹ በኩል እየወረደ ይጠራቀምባቸዋል። ዘይት ደግሞ እንደ አየር አይታመቅም። እንደዚያው ስታርተር ቢሰጠው ወይ ቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ፣ ከዋናው የሞተር ዘንግ፣ የሚያያይዘው ብረት) ይጣመማል ወይ የሲሊንደር አናት ይሰነጠቃል። የከፋው፣ የተጣመመ ቢዬላ የዚያኑ ዕለት ላይሰበር ይችላል፤ ሌላ ቀን አየር ላይ ይሰበራል።

ስለዚህ ማግኔቶው (ለካንዴላ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠው) መጥፋቱ፣ ነዳጁም መዘጋቱ ከተረጋገጠ በኋላ ፕሮፔለሩ በመዞሪያው አቅጣጫ በእጅ ይዞራል። እያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ አንድ ጊዜ እንዲያምቅ ክራንክሻፍቱ ሁለት ዙር መሄድ አለበት። የማርሽ ቅነሳው 16 ለ 9 ነውና (ክራንክሻፍቱ 16 ጊዜ ሲዞር ፕሮፔለሩ 9 ጊዜ ነው) ፕሮፔለሩ ከአንድ ዙር ጥቂት ያልፋል፤ ባለ ሦስት ብሌድ ስለሆነ ቢያንስ አራት ብሌድ ይቆጠራል። ጠንቃቃ ሰው ከዚያ በላይ ይቆጥራል። መሀል ላይ እንቢ ካለ ማስገደድ ክልክል ነው፤ ወደ ኋላ መመለስም እንዲሁ። ወደ ኋላ የተመለሰ ዘይት በማስገቢያው ቫልቭ ወጥቶ ቱቦው ውስጥ ይቀመጥና ሞተሩ ሲነሳ ተመልሶ ይጠባል። መፍትሔው የታችኞቹን ሲሊንደሮች፣ በተለይ የ7፣ የ8 እና የ9 ቁጥርን ካንዴላ ፈትቶ ማፍሰስ ነው።

በፎቶው ላይ የሚታየው ሥራ ይኸው ነው። ለእናንተ «የቴክኒክ ሥልጠናም» ነው።

ድርጅቱ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን ወደ ካይሮ ሲበር፣ ሞተሩን የሚፈቱት የአሜሪካው አየር መንገድ የቲደብሊውኤ ሰዎች ነበሩ። ኢትዮጵያዊ እጅ እንዲተካቸው ያስቻለው ሀንጋር ውስጥ የተሰጠው ትምህርት ነው። በ1955 ዓ.ም. ጄቱ ቦይንግ 720 ሲገባም ካንዴላና ቢዬላ የለመደ ሰው ኮምፕሬሰርና ተርባይን ሊማር ግድ ሆነበት። ስለዚህስ አንድ ቃል? የለም። በ1970ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ተሠርቶ የበረው የእርሻ መድኃኒት መርጫ «እሸት»ም የለም። ምናልባት እሱንም አብራሪዎቹ በትርፍ ሰዓታቸው ገጣጥመውት ይሆናል።

የአብራሪዎቹን ክብር አንሻማም። የምንጠይቀው በሚቀጥለው እትም መግለጫው እንዲታረም ነው። «ቴክኒሻኑ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ሲሊንደሮቹ ዘይት እንዳልያዙ ሲፈትሽ» ቢባል ቦታው ይበቃል፤ ለክተነዋል።

የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያዎች
አዲስ አበባ