ለሳይክለኞቹ ውሃና ጥላ ይቅደም፣ ንግግሩ ይደርሳል

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ በጎ አድራጎት ሳይክለኞቹ ያወጣችሁትን ዜና አየሁት፣ «በድሬዳዋ ደማቅ አቀባበል ተደረገላቸው» የሚለውን። ውሸት ነው አልልም፣ ደማቅማ ነበር። ግን ያደመቀው ማነው የሚለውን ዘላችሁታል፣ ፎቶውም መድረኩን ብቻ ነው የሚያሳየው። እኔ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዛው ቆሜ ስለነበር ትንሽ ልጨምርበት ብዬ ነው።

ለማያውቅ ሰው፣ እነዚህ ልጆች (ልጆች አልኩ እንጂ ፀጉራቸው የሸበተም አሉበት) ከአዲስ አበባ ተነስተው በአዳማ፣ በአዋሽ፣ በሚኤሶ አድርገው፣ ጭሮን ሂርናን ቁልቢን አልፈው ነው የመጡት፣ መጨረሻቸው ሐረር ነው፣ ብሩ የሚሰበሰበው የልብ ህመም ላለባቸው ህፃናት ህክምና ነው። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በፔዳል። መንገዱን በአውቶቡስ የሄደ ሰው እንኳን ያውቀዋል፣ አዋሽ ላይ ንፋሱ ራሱ ያቃጥላል፣ ከሚኤሶ በኋላ ዳገቱ ይጀምርና ጭሮ ስትደርስ ጃኬት ያምርሃል፣ ከዛ እስከ ቁልቢ ሲወጡ ሲወርዱ መዋል ነው።

አሁን ልብ በሉልኝ፣ ካርታ ያየ ሰው ይገባዋል። ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፣ ቀጥ ካልክ በሐሮማያ በአወዳይ አድርገህ ሐረር ትገባለህ፣ ወደ ግራ ከታጠፍክ ቁልቁል ወደ ድሬ ነው። ሐረር የሚሄድ ሳይክለኛ ድሬ የሚወርድበት ምንም ምክንያት የለውም! 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ፣ ወደ 1 ሺህ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ጥሎ፣ በማግስቱ ያችኑ መንገድ እያለከለከ መልሶ ሊወጣት ነው እኮ። ለኛ ሲሉ ነው የወረዱት፣ የድሬ ሰው ሳያያቸው ማለፍ ስላልፈለጉ። ይሄንን አንድም ተናጋሪ አላነሳውም፣ እኔን ግን ከሁሉም በላይ የነካኝ እሱ ነው።

ቁልቁለቱ ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጠመዝማዛው ላይ ፍሬን ይዘህ ይዘህ እጅህ ይደነዝዛል፣ ከፊትህ ሲኖትራክ እየተንፏቀቀ ይወጣል፣ ከኋላህ የጫት መኪና ይመጣል። የጫት ሹፌር እንደሆነ አይጠብቅህም፣ ቅጠሉ ከጠወለገ ዋጋ የለውም፣ ከአወዳይ ከተነሳ መቆም የሚባል ነገር አያውቅም። እና እነዚህ ልጆች በዚህ መሀል ወርደው ከተማ ሲገቡ ስምንት ሰዓት ሆኗል። የድሬ ስምንት ሰዓት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሱቁ ግማሹ ዝግ ነው፣ ሰዉ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ የሚሰየምበት ሰዓት ነው። ፕሮግራሙን ያወጣው ሰው የድሬ ልጅ አይደለም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ቢሆንም ሰዉ ወጣ አቦ! በርጫውን ጥሎ ወጣ፣ ይሄ ለድሬ ቀላል ነገር አይደለም። ከሳቢያን ሰፈር ጀምሮ ባጃጆች ጥሩምባ እየነፉ አጀቧቸው፣ ህፃናት ባዶ እግራቸውን ከጎን ከጎን ይሮጣሉ፣ አንዱ በአማርኛ አንዱ በኦሮምኛ አንዱ በሶማሊኛ እንኳን ደህና መጣችሁ ይላል፣ እናቶች ከግቢያቸው በጆግ ውሃ ይዘው ወጥተው ጠጡም ሳይሉ መጀመሪያ አናታቸው ላይ አፈሰሱላቸው። አንዷ ሳይክለኛ ቆማ አለቀሰች፣ በሙቀቱ ይሁን በደስታው አላውቅም።

መንገድ ላይ ህፃናት ሳይክለኛ ላይ ድንጋይ ይወረውራሉ የሚባል ነገር አለ አይደል፣ ከውጭ የሚመጡ ሳይክለኞች ስለ ኢትዮጵያ ሲያወሩ ሁሌም የሚያነሱት ነው፣ እውነትም ነው፣ መካድ አያስፈልግም። በኛ በኩል ይሄ አልሆነም። ሁለት መምህራን ቀደም ብለው ደንገጎ ድረስ ወጥተው ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግረው ነበር አሉ፣ የመንደሩ ልጆችም ሲጠብቋቸው ነበር። ይቺን ሥራ ማንም አላያትም፣ ዜናውም ላይ የለችም፣ ለኔ ግን የቀኑ ትልቁ ሥራ እሷ ናት።

ከዛ ለገሃር፣ ባቡር ጣቢያው ጋ ደረስን። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ድሬ 1895 ዓ.ም. ላይ ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፣ ከመንገድ የመጣ ሰው መቀበል ከውልደቷ ጀምሮ ሥራዋ ነው። ጣቢያው ያለበት ከዚራ ደግሞ በጥላ የታወቀ ሰፈር ነው፣ ዛፎቹ መንገዱን እንደ ጣሪያ ከድነውታል። ታዲያ ድንኳኑን የት ቢተክሉት ጥሩ ነው? ፀሐዩ ላይ፣ ለፎቶ እንዲመች ነው አሉ። ድንኳኑ ስር የተቀመጡት ደግሞ እንግዶቹ አይደሉም፣ የክብር እንግዶቹ ናቸው። ሳይክለኞቹ ፊት ለፊት ተደርድረው ሳይክላቸውን ይዘው ቆሙ፣ ንግግር ተጀመረ። አንዱ ይጨርስና ሌላው «ብዙም አላስረዝምም» ብሎ ይጀምራል። አንድ ልጅ እግሩን ጡንቻ ይዞት መሬት ላይ ቁጭ ሲል «ተነስ ትንሽ ነው የቀረው» ተባለ፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

የባሰው ደግሞ ያ ሁሉ ሲወራ ስለ ልብ ህመም አንድ ነገር አልተነገረም። ስለ ቱሪዝም ተወራ፣ ስለ ገፅታ ግንባታ ተወራ፣ ስለ ኢንቨስትመንት ሳይቀር ተወራ። ማይኩ ከጠፋ በኋላ ከሳይክለኞቹ መሀል አንዷ ነርስ ነች አሉ፣ ከበው ከቆሙት እናቶች ጋር ስታወራ ነበር፣ እኔም ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። ብሩ ከሚሰበሰብላቸው ህፃናት መሀል ሲወለዱ ጀምሮ ልባቸው ላይ ችግር ያለባቸው አሉ፣ ሌሎቹ ግን ጤነኛ ሆነው የተወለዱ ናቸው፣ በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ህመም በደንብ ሳይታከም ቀርቶ፣ ሲመላለስ ከርሞ፣ መገጣጠሚያቸውን ያማቸውና በመጨረሻ የልብ ቫልቫቸውን ያበላሸዋል። በጊዜው ጤና ጣቢያ ቢሄዱ በፔኒሲሊን የሚታከም ነገር፣ ቫልቩ ከተበላሸ በኋላ ኦፕራሲዮን ይጠይቃል፣ ኦፕራሲዮኑ ደግሞ ብዙ ብር ነው፣ ወረፋ ነው። እናቶቹ አፋቸውን ከፍተው ነው ያዳመጧት። ከመሀላቸው አንዷ «እኛ እኮ እንጥል ነው ብለን ለማስቆረጥ ነው የምንወስደው» አለች። በሉ ንገሩኝ፣ ይቺ ልጅ ማይኩን ለአምስት ደቂቃ ብትይዘው ከዛ ሁሉ ንግግር አይበልጥም ነበር?

ሌላም አለ። ባነሩ የመንገዱን ስፋት ያክላል፣ የስፖንሰር ሎጎ ሞልቶበታል፣ ግን የባንክ አካውንት የለው፣ የቴሌብር ቁጥር የለው። ከጎኔ የቆመ የባጃጅ ልጅ «እሺ ብሩን የት ነው የምንልከው?» ሲል አስተባባሪ የሚል ቲሸርት የለበሰ ሰው «በኋላ ይገለጻል» አለው። ሰው በዛ ሰዓት ስሜቱ ግሏል፣ ስልኩ እጁ ላይ ነው፣ ሃምሳ ብርም ትሁን መቶ ብር እዛው ይልካታል፣ ወደ በርጫው ከተመለሰ በኋላ ማን ያስታውሳል። የድሬ ሰው መስጠት አያውቅም እንዳይባል፣ ሐምሌ 1998 የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድብን የሀገሩ ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶልናል፣ ያንን ያየ ሰው ስጥ ሲባል አያቅማማም። የት እንደሚሰጥ ብቻ ይነገረው።

እውነተኛው አቀባበል ማታ ነው የነበረው፣ ካሜራ ሳይኖር። መጋላ አካባቢ ያሉት ሳይክል ጠጋኞች ዕቃቸውን ይዘው ሳይክለኞቹ ያረፉበት ድረስ መጡ፣ ማንም አልጠራቸውም። ድሬ እኮ የሳይክል ከተማ ነበረች፣ ባጃጅ ሳይመጣ በፊት ሜዳ ስለሆነች የምድር ባቡሩም የጨርቃጨርቁም ሠራተኛ በሳይክል ነበር የሚሄደው፣ አባቴም እንደዛው፣ እኛም በኪራይ ሳይክል ነው ጉልበታችንን ልጠን ያደግነው። እነዚህ ጠጋኞች የዛ ዘመን ልጆች ናቸው። በቁልቁለቱ ያለቀ ፍሬን ቀየሩ፣ ከመነዳሪ ለጠፉ፣ የተጣመመ ጎማ በዓይናቸው እየለኩ አቀኑ፣ አንዱ ሽማግሌ ቀላሉን ዘመናዊ ሳይክል በአንድ ጣታቸው አንስተው «ይሄ ሳይክል ነው ወይስ ጃንጥላ?» ብለው ሁሉንም አሳቁ። ብር ሲሰጧቸው እምቢ አሉ፣ ለህፃናቱ ይሁን ብለው ከኪሳቸው ጨመሩበት። ሰፈሩ ደግሞ ሳምቡሳ፣ ፈጢራ፣ የዘይቱን ጁስ እያመጣ ነበር፣ ድሬ ሲመሽ አይደል ነፍስ የምትዘራው፣ ሰዉ በረንዳ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ ሲጫወት አመሸ።

ጠዋት ደግሞ ሌላ ጣጣ። ደንገጎን የሚወጣ ሰው ገና ሳይነጋ፣ በአስራ አንድ ሰዓት መነሳት አለበት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ግማሹን ዳገት መጨረስ አለበት፣ ይሄን ለማወቅ ሳይክለኛ መሆን አያስፈልግም፣ ለቁልቢ በእግራቸው የሚሄዱትን መጠየቅ ይበቃል። ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ሲደርስ ስንት ሺህ ሰው ነው ያችን ዳገት በሌሊት የሚወጣት፣ በየመንገዱ ውሃ ይዞ የሚቆመውም ሰው ማን አደራጀው? ማንም። ሳይክለኞቹ ግን «የስንብት ቁርስ» ተዘጋጅቷል ተብለው እስከ ሦስት ሰዓት ተያዙ። ያን ሁሉ ዳገት በእሳት ወጡት። አንዷን በመኪና ነው የጫኗት አሉ፣ ከአዲስ አበባ ጀምራ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳን በመኪና ሳትሄድ መጥታ እኛ ጋ ስትደርስ።

ሐረር አክስት አለችኝ፣ ደውዬ ጠየቅኳት። እዛማ በሸዋ በር እንደገቡ ጁገል፣ ግንቡ ውስጥ ባለው አሮጌው ከተማ፣ በየቤቱ ተከፋፈሏቸው አለችኝ፣ ነደባው (የሐረር ቤት መደቡ) ላይ ትራስ ተደርጎላቸው፣ እግራቸውን ታጥበው፣ ቃህዋ ጠጥተው ጥቅልል ብለው ተኙ፣ ንግግሩ ማታ ቀዝቀዝ ሲል ሆነ፣ እሱም አጭር። እንግዲህ ሐረሮች በዚህ ስንት ዓመት ሊስቁብን ነው፣ ድሮም ምክንያት ፈላጊ ናቸው።

እና ለሚቀጥለው ጊዜ የምለው ይሄ ነው። ሲገቡ ከዚራ ጥላው ስር ውሃና ኦአርኤስ ይጠብቃቸው፣ ወዲያው ይረፉ፣ ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ የፈለገ ይናገር፣ ነርሷም ትናገር። የጫት መኪናዎቹን ለአንድ ሰዓት ያህል ደንገጎ ላይ ማቆየት ይከብዳል እንኳን ቢባል ከፊት ከኋላ የትራፊክ ሞተር ማድረግ አይከብድም። ጠጋኞቹን እኔ አናግሬያቸዋለሁ፣ ቀኑ ቀድሞ ይነገረን እንጂ ዝግጁ ነን ብለዋል። ጠዋት በአስራ አንድ ሰዓት የከተማው ሳይክል ያለው ወጣት ሁሉ እስከ ዳገቱ ስር ይሸኛቸው፣ አቅም ያለው ደንገጎ ድረስ።

እናንተም ብትችሉ የብሩን መላኪያ አካውንት ከአስተባባሪዎቹ ጠይቃችሁ ዜናው ስር አውጡልን፣ ያ የባጃጅ ልጅ ባየኝ ቁጥር እየጠየቀኝ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የከዚራ ነዋሪ፣ ድሬዳዋ