ትራክተራችሁን ለምን እንደምናሳድር፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰሞኑን ደውላችሁ የተቆጣችሁ አላችሁ። ግቢያችን ድረስ መጥታችሁ የተናገራችሁም አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ምንም ሳትሉ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ወጣችሁ። ይበልጥ የከበደኝ የእነዚህ ዝምታ ነው። ስለዚህ ነገሩን በጽሑፍ ላስረዳ።

ጉዳዩ ይህ ነው። «ሞተሩ አይሞቅም» ተብሎ ትንሽ ትራክተር ሲመጣ፣ ከግንቦት ወዲህ አሳድራችሁ እንድትሄዱ እንጠይቃለን። ለምርመራው 800 ብር እናስከፍላለን። ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ፣ ሲሞቅ የሚከፍት ዕቃ) የሌለው ሞተር ከሆነም እንዳለ አንመልስም፤ ገጥመን ነው የምንሰጠው። በዘር ሰሞን ትራክተር አንድ ሌሊት ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ለተጉላላችሁ ሁሉ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን እንዳለ ይቀጥላል። ምክንያቱን ስሙኝ።

«ሞተር ሲግል ነው እንጂ ሲቀዘቅዝ ምን ይሆናል?» ትሉናላችሁ። ጥያቄው ይገባኛል። የፈላ ራዲያተር ሁሉም ሰው አይቷል። በግለት የተጣመመ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ስንት ብር እንደሚያስወጣ ሁሉም ያውቃል። ቅዝቃዜ ግን እንፋሎት የለውም፣ መንገድ ላይ አያቆምም። ሥራውን ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው።

የናፍታ ሞተር እንደ ቤንዚኑ እሳት የሚረጭ ካንዴላ የለውም። ናፍታውን የሚያቀጣጥለው ታምቆ የጋለ አየር ነው። ሲሊንደሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ናፍታው ተሟልቶ አይነድም፤ እንደ እርጥብ እንጨት ይጨሳል። ያልነደደው ናፍታ የሲሊንደሩን ግድግዳ የሚያለሰልሰውን ዘይት ያጥበዋል፣ ከዚያም ወደ ታች ወርዶ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ባለቤቱ ዘይቱን ሲለካ ከነበረበት ከፍ ብሎ ያገኘዋል። «የእኔ ሞተር ዘይት አይበላም» ብሎ ደስ ይለዋል። መለኪያውን አውጥታችሁ አሽትቱት፤ ናፍታ ናፍታ ይላል። ናፍታ ውስጥ ያለው ድኝም ሲቃጠል ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ከእርጥበት ጋር ተገናኝቶ አሲድ ይሆናል፣ ብረቱን ይበላል። የፒስተኑ ፋሻዎች (ቀለበቶች) በጥላሸት ይጣበቃሉ፣ ናፍታ የሚረጩት ኖዝሎች ይቆሽሻሉ፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ጥቁር እርጥብ ነገር ማንጠባጠብ ይጀምራል። መጨረሻው ሞተር ማውረድ ነው። የአንድ ቴርሞስታት ዋጋ ከዚያ ጋር አይወዳደርም።

እዚህ አሰላ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። ያለነው 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው። ከቦቆጂ የምትመጡ ከዚያም በላይ ናችሁ። የጠዋቱን ብርድ እናንተ ታውቁታላችሁ። ከባቱና ከመቂ በኩል ተገዝተው የሚመጡ ትራክተሮች ብዙ ጊዜ ቴርሞስታታቸው ወጥቶ ነው የሚደርሱን። ቆላ ላይ «እንዳይግል» ተብሎ ማውጣት የተለመደ ነው። ትራክተሩ ሲሸጥ ይህን ለገዢው የሚነግረው የለም። ገዢው ደጋ አምጥቶ በብርድ ጠዋት ሲያርስበት ሞተሩ ቀኑን ሙሉ አይሞቅለትም። እዚያው ቆላም ቢሆን ማውጣቱ መፍትሔ አይደለም። አንዳንድ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ሲሞቅ አቋራጩን መንገድ የሚዘጋው እሱ ራሱ ነው። እሱ ሲወጣ ከውሃው የተወሰነው ራዲያተር ሳይደርስ ይዞራል፣ ሞተሩም ጭራሽ ይግላል።

የሰዉ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ግን አውቃለሁ። በእኛ ከፍታ ክፍት ድስት ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ሞተሩ ደግሞ በደህና ጊዜው ከ75 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው የሚሠራው። የራዲያተሩ ክዳን ጎማው ካረጀና ግፊት ካልያዘ ውሃው ቶሎ ይገነፍላል። ሰው ይደነግጣል፣ መካኒኩ ቴርሞስታት ያወጣል። መለወጥ የነበረበት ክዳኑ ነው። ደህና ክዳን ግፊቱን ከያዘ እዚህም ቢሆን ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይፈላም። ሞተሩ ለምን እንደጋለ ሳይታወቅ ቴርሞስታት የሚያወጣ ሰው ሕመሙን አልነካም።

አሁን ወደ ማሳደሩ ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁን ያስቆጣው እሱ ነውና።

ከሳጉሬ ወይም ከኢተያ እየነዳችሁ ስትመጡ ሞተሩ ሞቆ ነው የሚደርሰው። እኛ የምንፈልገው ነገር ያለው ግን ሞተሩ ከቅዝቃዜ ተነስቶ በሚሞቅበት ጊዜ ውስጥ ነው። ጤነኛ ቴርሞስታት መጀመሪያ ዝግ ነው። ሞተሩ ይሞቃል፣ የራዲያተሩ የላይኛው ጎማ (የውሃ ቱቦው) ግን ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል። ቴርሞስታቱ ሲከፈት ጎማው በአንድ ጊዜ ይግላል። ኩቦታ በሚባለው የጃፓን ሥሪት ብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ይህ የሚጀምረው 71 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 85 ሲደርስ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ክፍት ሆኖ የቀረ ቴርሞስታት ካለ ግን ሞተሩ እንደተነሳ ጎማውም ራዲያተሩም አብረው ቀስ እያሉ ለብ ይላሉ። ይህ የሚታየው ሌሊቱን ቆሞ ባደረ ሞተር ላይ፣ ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያንን ካለፍን እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ቀን መጠበቅ ነው።

ከዚያ በፊትም የውሃውን ልክ እናያለን። ውሃው ከጎደለ የሙቀት ሴንሰሩ አየር ውስጥ ይቀራል፣ ሙቀቱን ለነጂው የሚያሳየው ጌጅም «ቀዝቃዛ» ይላል፤ ሞተሩ ግን እየተቃጠለ ሊሆን ይችላል። ጌጁን አምኖ ቴርሞስታት የሚለውጥ ሰው እዚህ ላይ ሞተር ይገድላል። ስለዚህ በጨረር የሚለካውን ቴርሞሜትር ቴርሞስታቱ ቤት ላይ አነጣጥረን ከጌጁ ጋር እናስተያያለን። ሁለቱ ካልተስማሙ ባለ አንድ ሽቦ ከሆነው ሴንሰር ላይ ሽቦውን ነቅለን ከሞተሩ አካል ጋር እናነካካለን። መርፌው ወደ ሙቅ ከሄደ ጌጁና ሽቦው ደህና ናቸው፣ ጥፋቱ የሴንሰሩ ወይም የግራውንዱ (ሴንሰሩ ከሞተሩ አካል ጋር ያለው ግንኙነት) ነው። ሞተሩ ምንም ሳይሆን «ቀዘቀዘ» ተብሎ የሚመጣ ብዙ ነው። እንዲህ ሲገኝ ቴርሞስታት አንሸጥላችሁም። ገንዘብ ብቻ የምንፈልግ ብንሆን እንሸጥላችሁ ነበር።

ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጡ በዝቅተኛ ዙር) አስነስቶ ማየትም አይበቃም። የናፍታ ሞተር ያለ ጭነት ብዙ ሙቀት አይሰጥም። የእነዚህ ትንንሽ ትራክተሮች ቬንትሌተር (ማራገቢያ) ደግሞ ከሞተሩ ጋር በቺንጋ (ቀበቶ) ስለሚዞር አያርፍም። በብርድ ጠዋት ሚኒሞ ላይ የቆመ ጤነኛ ሞተርም ላይሞቅ ይችላል። ስለዚህ ማረሻ ወይም ጋሪ አስረን፣ ጭነት ሰጥተን እናያለን። ቴርሞስታቱን ካወጣነው በድስት ውሃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር አሙቀን የት እንደሚከፈት እናንተው ፊት እናሳያለን። ናፍታው፣ የመካኒኩ ጊዜ፣ የሌሊት ጥበቃው፣ ይህ ሁሉ ነው 800 ብር የሆነው።

ስለ ዋጋ የተባለውም አሳምሞኛል። «ተለወጡ» ተብለናል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። የምንጠቀምበት መለዋወጫ፣ ዘይትና ፊልትሮ የሚመጣው በዶላር ነው። ከጎናችን ያሉት ኦሪጅናል የሚመስል ርካሽ ቴርሞስታት ያስገባሉ። እኛም እንደዚያ ማድረግ እንችል ነበር። በስንት ዲግሪ እንደሚከፈት ያልተጻፈበትን ዕቃ ግን እናንተ ሞተር ላይ አልገጥምም። የሠራተኞቻችን ደመወዝ ላይ መቆጠብም አልፈለግሁም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ እኔ ጋር ያደጉ ናቸው።

አሰላ ትራክተርን የምታውቀው ከትናንት ጀምሮ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት፣ ሰዉ «ካዱ» የሚለው፣ ብዙ የዚህ አገር ልጅ ሙያ አስይዟል። አባቴም ብረት መፍታት የተማረው በዚያ ዘመን ነው። «የገበሬ ሞተር ከቆመ ቤቱ ነው የሚቆመው» ይል ነበር። ይህን ጋራዥ የከፈትኩት በእሱ መፍቻዎች ነው፤ አሁንም የምንሠራባቸው አሉ። የመጀመሪያ ደንበኞቻችን ልጆች ዛሬ የራሳቸውን ትራክተር ይዘው ይመጣሉ። በእኛ ተናዶ ሌላ ጋር የሄደ አለ፤ ሞተሩ ደህና ይሁንለት። ቢመለስ በራችን ክፍት ነው፣ ቅሬታም አንይዝም።

በዘር ሰሞን ለተቸገራችሁ አንድ ነገር አስተካክለናል። ጥገናውን እኛ ጋር ካደረጋችሁ 800 ብሩ ከሒሳባችሁ ላይ ይቀነሳል። ከ11 ሰዓት በፊት አምጥታችሁ ካሳደራችሁት በማግሥቱ ጠዋት ቀድመን የምንፈትሸው እሱን ነው፤ ውጤቱን እስከ 4 ሰዓት በስልክ እንነግራችኋለን። ከቻላችሁ ሲመረመር አብራችሁን ሁኑ። ከዚህ በፊት ቴርሞስታታችሁን ያወጣ መካኒክ ዕቃውን ከሰጣችሁ አትጣሉት፣ ይዛችሁት ኑ። ደህና ሆኖ ከተገኘ ጓርኒሲዮኑን (ውሃ እንዳያፈስ መሃል የሚገባውን ማሸጊያ) ብቻ ለውጠን መልሰን እንገጥምላችኋለን፤ አዲስ አትገዙም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባለቤት፣ አሰላ